ሁለተኛው ሞተር የማያድንባቸው ጊዜያት፦ በቀላል ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሕይወት የሚያጠፉ ስሕተቶችና ጥንቃቄያቸው

ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ማብረር ተምሮ ወደ ባለ ሁለት ሞተር የሚሸጋገር አብራሪ አብዛኛውን ጊዜ «አንዱ ቢጠፋ በሌላው እገባለሁ» የሚል እምነት ይዞ ይመጣል። ለትልልቅ የመንገደኛ ጄቶች ይህ እምነት ልክ ነው፤ አንድ ሞተር ጠፍቶባቸውም ተነሥተው ከፍታ መያዝ እንደሚችሉ ሳያስመሰክሩ ለአገልግሎት አይፈቀዱምና። ለቀላሎቹ ግን ሕጉ እንዲህ አይልም። በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በኖረው ደንብ መሠረት፣ ክብደቱ ከ6,000 ፓውንድ የማይበልጥና የስቶል ፍጥነቱም (ከእርሱ ካነሰ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት) ከ61 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) የማያልፍ ባለ ሁለት ፒስተን ሞተር አውሮፕላን በአንድ ሞተር ከፍታ እንዲጨምር አይገደድም። አምራቹ የሚጠየቀው በአንድ ሞተር ምን ያህል እንደሚወጣ ለክቶ በመመሪያው ላይ እንዲጽፍ ብቻ ነው፤ «ይወርዳል» የሚለውም ሕጋዊ መልስ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አውሮፕላኑ ጋ ከመድረስ በፊት በእርሳስና በወረቀት የሚሠራ ነው። ከሁለት ሞተር አንዱ ሲጠፋ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የመውጣት አቅሙ ግን ከ80 በመቶ በላይ ይጠፋል። ምክንያቱ የሚገባን ደመወዝን ስናስብ ነው። ከደመወዙ ኪራይና ቀለብ ችሎ የተረፈችውን የሚቆጥብ ሰው ገቢው በግማሽ ቢቀነስበት፣ አከራዩ በግማሽ አይቀንስለትም፤ የሚጠፋው ቁጠባው ነው። አውሮፕላንም ከፍታ የሚጨምረው በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ለመቆየት ከሚያስፈልገው ጉልበት በተረፈው ነው።

ለማሠልጠኛ በስፋት የሚያገለግለውን ፓይፐር ሴሚኖልን እንውሰድ። እያንዳንዳቸው 180 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች አሉት። በባሕር ጠለል ላይ በሁለቱም በደቂቃ 1,200 ጫማ ያህል ይወጣል፤ በአንዱ ብቻ ግን 200 ጫማ ገደማ። በአንድ ሞተር በደቂቃ 50 ጫማ ብቻ የሚወጣበት ጣሪያው ደግሞ 3,800 ጫማ አካባቢ ነው። የቦሌ መንደርደሪያ በ7,625 ጫማ ከፍታ ላይ መሆኑን እዚህ ላይ ያስታውሱ። ሙሉ ክብደቱን ጭኖ ከዚያ የተነሣ ሴሚኖል አንድ ሞተር ቢጠፋበት፣ አብራሪው አንዳችም ስሕተት ባይሠራ እንኳ አውሮፕላኑ ይወርዳል። ድሬዳዋም ብትሆን ከ3,800 ጫማ ብዙም አትርቅም፤ ሙቀቷ ሲጨመርበት ከዚያ ያልፋል።

ሙቀቱን እንዲህ ያስሉት። በቦሌ ከፍታ መደበኛው የአየር ሙቀት 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከመደበኛው በላይ ላለ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ይጨምሩ። ከሰዓት በኋላ 24 ዲግሪ ከሆነ ወደ 2,900 ጫማ ይታከላል፤ ስለዚህ ሞተሩና ክንፉ የሚሠሩት 10,500 ጫማ ላይ እንዳሉ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ከአውሮፕላኑ መመሪያ ሦስት ቁጥሮች አውጥተው ጉልበትዎ ላይ በሚያስሩት ወረቀት ይጻፉ፦ መንደርደር ጀምሮ ለማቋረጥ የሚፈጀውን ርቀት፣ በዚያ ቀን ሙቀትና ክብደት በአንድ ሞተር በደቂቃ የሚገኘውን ከፍታ፣ እንዲሁም የአንድ ሞተር ጣሪያውን። ሁለተኛው ቁጥር ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ወይም ጭነት ይቀንሱ፣ ወይም በማለዳ ይነሡ፣ ወይም የአንድ ሞተር አውሮፕላን እንደሚያበርሩ ቆጥረው የሚያርፉበትን ሜዳ አስቀድመው ይምረጡ።

ከመሬት በተለቀቁ ሰከንዶች ውስጥ

ሞተር የሚጠፋበት እጅግ ክፉው ጊዜ ጎማው መሬት እንደ ለቀቀ ነው። ጭነቱ ሙሉ ነው፤ ፍጥነቱ ገና አልተገነባም፤ ማረፊያ ጎማው አልተሰበሰበም፤ የቀረው ሞተርም በሙሉ ኃይሉ ይገፋል። የግራው ቢጠፋ የቀኙ አፍንጫውን ወደ ግራ ያዞረዋል፤ ይህን የሚመልሰው በጅራቱ ላይ ያለው ራደር ነው። ራደር ግን የሚሠራው በላዩ በሚያልፈው አየር በመሆኑ ፍጥነት ባነሰ መጠን ጉልበቱ ይከዳዋል። ራደሩ የሞተሩን ግፊት ሊመክት የሚችልበት የመጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት በአብራሪዎች ዘንድ ቪ ኤም ሲ የሚባለው ሲሆን፣ በፍጥነት መለኪያው ላይ በቀይ መስመር ይታያል። ከእርሱ በላይ ያለው ሰማያዊ መስመር በአንድ ሞተር ከሁሉ የተሻለ መውጫ፣ መውጣት ካልተቻለም ከሁሉ ያነሰ ቁልቁለት የሚገኝበት ፍጥነት ነው። በሴሚኖል ቀዩ 56 ኖት፣ ሰማያዊው 88 ኖት ላይ ነው።

አደጋው የሚፈጠረው በእነዚህ በሁለቱ መስመሮች መካከል ነው። አብራሪው ከፊቱ ዛፍና የቆርቆሮ ጣሪያ ሲቀርብ ያያል፤ እጁ ሳያስበው መሪውን ወደ ደረቱ ይስባል፤ አፍንጫው ቀና ይላል፤ መርፌው ከሰማያዊው ወደ ቀዩ ይወርዳል። እግሩ ራደሩን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሳለ አፍንጫው መዞሩን ይቀጥላል፤ የጠፋው ሞተር ያለበት ክንፍ ይወድቃል፤ አውሮፕላኑም በጀርባው ይገለበጣል። ሞተር ከጠፋ በኋላ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው በዚያ መሳብ ነው። ክንፉን አስተካክሎ፣ ፍጥነቱን ጠብቆ እርሻ ላይ ያረፈ አውሮፕላን ጎማውን ሰብሮ ተሳፋሪውን ሊያተርፍ ይችላል፤ ለተገለበጠው ግን ይህ ዕድል የለም።

ቀዩ መስመር ቋሚ ቁጥር አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። አምራቹ የለካው ወደሚሠራው ሞተር እስከ 5 ዲግሪ አዘንብሎ ነው፤ ከዚያ ላነሰ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ትክክለኛው ፍጥነት በ3 ኖት ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ደንግጦ ክንፉን ቀጥ አድርጎ የያዘ፣ ይባስ ብሎም ወደጠፋው ሞተር ያዘነበለ ሰው ቀዩን መስመር ሳይነካው ይገለበጣል። ሻንጣ ሁሉ ወደ ኋላ ከተጫነም የክብደቱ መሐል ወደ ጅራቱ ስለሚጠጋ ራደሩ አፍንጫውን ለመመለስ የሚያገኘው ክንድ (ርቀት) ያጥራል።

እጅና እግር ሊከተሉት የሚገባው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በቅድሚያ አፍንጫውን ዝቅ አድርገው ሰማያዊውን መስመር ይያዙ፤ ራደር ረግጠው አቅጣጫውን ያቁሙ፤ ወደሚሠራው ሞተር ጥቂት ያዘንብሉ። የሁለቱንም ሞተሮች ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ቅልቅል መቆጣጠሪያ)፣ ፕሮፔለርና ስሮትል (የኃይል መቆጣጠሪያ) ወደፊት ይግፉ፤ ፍላፕ (የክንፉን ተዘርጊ ክፍል) እና ጎማ ይሰብስቡ። የጠፋው የትኛው እንደሆነ መለየት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ መለያውም እግር ነው፦ ሥራ የፈታ እግር ባለበት በኩል ሥራ የፈታ ሞተር አለ። ይህን ካሉ በኋላ የዚያን ሞተር ስሮትል በዝግታ ወደ ኋላ ይሳቡት። ድምፁም አቅጣጫውም ካልተለወጠ የጠፋው እርሱ ነው፤ አፍንጫው ከዞረ ግን እጅዎ የያዘው ደህናውን ሞተር ነውና ይመልሱት። ይህች ማረጋገጫ ሁለት ሰከንድ ብትፈጅ ነው። ልምድ ያላቸውም ይሳሳታሉ፤ በፌብሩዋሪ 4 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በታይፔ የትራንስኤሺያ ኤቲአር 72 አብራሪዎች የሚሠራውን ሞተር አጥፍተው 43 ሰዎች ሞተዋል፤ ያ አውሮፕላን ከቀላሎቹ ወገን ባይሆንም ስሕተቱ ያው ነው።

ካረጋገጡ በኋላ ፕሮፔለሩን ፌዘር ያድርጉ፤ ማለትም ምላጮቹን ከሚመጣው ነፋስ ጋር አስተካክለው ያስተኙ። ነፋስ እያዞረው የሚቀር ፕሮፔለር አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ካልተኛ በስተቀር በመመሪያው ላይ የተጻፈው የመውጣት ቁጥር አይገኝም። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ሞተሩ መሬት ላይ ሲጠፋ ምላጮቹ እንዳይተኙ የሚይዛቸው መቆለፊያ በሴሚኖል ዙሩ በደቂቃ ከ950 ሲወርድ ይቆልፋል። ዘይቱን ጨርሶ እየተጣበቀ ያለ ሞተር እስኪቆም የሚጠብቅ ሰው ፌዘር ማድረጉን ይነጠቃል።

ይህን ሁሉ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ማሰብ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ ውሳኔው መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆመው፣ ብቻዎን ቢሆኑም እንኳ ድምፅ አውጥተው ይነገር፦ «ከመነሣቴ በፊት ከሆነ ሁለቱንም ስሮትል ዘግቼ እቆማለሁ። ከተነሣሁ በኋላ ጎማው ካልገባና ከፊቴ መንደርደሪያ ከቀረልኝ፣ ሁለቱንም ዘግቼ አርፋለሁ። ጎማው ከገባና ሰማያዊው መስመር ላይ ከደረስሁ እቀጥላለሁ።» ቦሌን በመሰለ ቦታ በሙሉ ክብደት ከሆነ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር መለወጥ አለበት፤ እዚያ «እቀጥላለሁ» ማለት ራስን ማታለል ስለሆነ፣ በእርሱ ፈንታ የሚያርፉበት ሜዳ ስም ይጠራ። ሁለቱንም ስሮትል መዝጋት ለብዙዎች የሚከብደው ደህና ሞተር በገዛ እጅ ማጥፋት ስለሚመስል ነው።

ልምምዱ ራሱ ሲገድል

ይህንኑ ለመማር የወጡ ብዙዎች ሞተዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓይፐር ትዊን ኮማንቺ በልምምድ ላይ በተደጋጋሚ በመውደቁ፣ ቀዩ መስመር በሰዓት ከ80 ማይል ወደ 90 ከፍ እንዲል ተደረገ፤ ቆይቶም ፕሮፔለሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ዓይነት ወጣለት። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከፍታ በጨመረ መጠን ጉልበቱ ስለሚቀንስ ቪ ኤም ሲ እየወረደ ይሄዳል፤ በመለኪያው ላይ የሚታየው የስቶል ፍጥነት ግን ባለበት ይቆያል። ሁለቱ የሚገናኙበት ከፍታ ላይ አውሮፕላኑ መቆጣጠሪያውን ከማጣቱ በፊት ወይም እኩል ስቶል ያደርጋል፤ አንድ ሞተር ብቻ እየገፋው ስቶል ያደረገ አውሮፕላን ደግሞ ወደ ስፒን (እየተሽከረከሩ መውደቅ) ይገባል። ባለ ሁለት ሞተሮቹ ከስፒን እንደሚወጡ እንዲያስመሰክሩ አልተጠየቁም። በደጋ አገር የሚለማመድ ሰው ከመሬቱ ቢያንስ 3,000 ጫማ በላይ ሆኖ ከመጨረስ ባሻገር፣ የስቶል ማስጠንቀቂያው ገና ሲሰማ ወይም አፍንጫው አልታዘዝ ማለት ሲጀምር፣ የሚሠራውን ሞተር ኃይል ቀንሶ አፍንጫውን ዝቅ ያድርግ። ዝቅ ባለ ከፍታ ተማሪውን «ለመፈተን» ነዳጅ የሚዘጋ አስተማሪ ካጋጠመዎት ከእርሱ ጋር አይብረሩ፤ ያንን በስሮትል ማሳየት ይቻላል።

በአንድ ሞተር ሲያርፉም ጎማውን ማረፍዎ እስኪረጋገጥ አያውርዱ፤ ካወረዱ በኋላ ግን እንደገና እነሣለሁ ብለው አያስቡ።

ነዳጅና ሌሎች የጋራ ጠላቶች

ሁለት ሞተር ከሁለት የተለያየ ችግር ይጠብቃል እንጂ ከአንድ የጋራ ችግር አይጠብቅም። ታንኩ ባዶ ከሆነ ሁለቱም ይጠፋሉ። ኦክቶበር 5 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. በኢንዲያና ግዛት በኮኮሞ አንድ ፓይፐር ኤሮስታር ቤንዚን ለሚፈልጉ ሞተሮቹ የጄት ነዳጅ ተሞልቶለት ከተነሣ ጥቂት ቆይቶ ወድቆ አብራሪው ሞቷል። ሲሞላ አጠገቡ ይቁሙ። ከሥር የሚቀዱትን ናሙና በቀለሙ ብቻ አይመኑት፤ 100ኤልኤል ቤንዚን ሰማያዊ ቢሆንም ከጄት ነዳጅ ጋር የተቀላቀለውም ሰማያዊነቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያንጠባጥቡ፤ ቤንዚኑ ተንኖ ይጠፋል፤ የጄት ነዳጅ ያለበት ግን የዘይት ቀለበት ይተዋል።

ባትሪም የጋራ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሽፓየር፣ ባትሪው የደከመ ዳይመንድ ዲኤ42 በውጭ ኤሌክትሪክ ተነሥቶ ጎማውን ሲሰበስብ ቮልቴጁ ወርዶ ሁለቱም ሞተሮች ቆመዋል፤ ደግነቱ ሰው አልሞተም። ሴስና ስካይማስተር ደግሞ ሞተሮቹ ፊትና ኋላ በመሆናቸው አፍንጫ አይዞርም ተብሎ የተመሰገነ ሲሆን፣ በዚያው ምክንያት የኋላው መጥፋቱን ሳያውቁ ለመነሣት የሞከሩ አብራሪዎች ሞተዋል። እርሱን የሚያበር ሰው የኋላውን ስሮትል አስቀድሞ ይግፋ፤ ዙሩንም በዓይኑ ይይ።

ተራራና ደመና

ሁለቱም ሞተሮች በትክክል እየሠሩም ሰው ይሞታል። ኦገስት 7 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ይበር የነበረው ትዊን ኦተር በጋምቤላ በኩል ከተራራ ጋር ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 16ቱም ሰዎች አልቀዋል። ሞተሩ ሁለት መሆኑ ደፋር ያደርጋል፤ ደመና ሲመጣ ባለ አንድ ሞተሩ በሚመለስበት ቦታ ባለ ሁለቱ ይቀጥላል።

በካርታው ላይ መስመር ሲያሰምሩ ከእያንዳንዱ ክፍል ግርጌ ሁለት ቁጥሮች ይጻፉ፦ የዙሪያውን ከፍተኛ መሬትና የአውሮፕላንዎን የአንድ ሞተር ጣሪያ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ቢሄዱ ገና ከመነሻው እንጦጦ አለ፤ ከዚያም የሰላሌ አምባ ይከተላል፤ ቀጥሎ መሬቱ በድንገት ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጣሪያው ከመሬቱ በሚያንስበት ክፍል ሁሉ፣ ሞተር ቢጠፋ አፍንጫዎን ወደየት እንደሚያዞሩ በእርሳስ ቀስት ያድርጉበት፤ ሸለቆው ላይ ሲደርሱ ቀስቱ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደሚቀርብዎ የአምባው ጠርዝ ሜዳ ያመልክት።