የበረኛ ጓንት ስትገዙ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የሰፈር በረኛ ጓንት የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ ያየውን እያሰበ ነው። ከሁሉም የሚያከስረው ይሄ ነው። ያ ጓንት የተሠራው ለሳር ሜዳ ነው፤ የሰፈራችን ሜዳ ደግሞ ባብዛኛው አፈርና ጠጠር ነው። መዳፉ ላይ ያለው ላቴክስ፣ ማለትም ኳስ የሚይዘው ስፖንጅ መሳይ ጎማ፣ በለሰለሰ ቁጥር ኳስ ይይዛል፣ በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። ኮረት ላይ ጥቂት ጊዜ ከተወረወራችሁበት ይፈረፈራል። ለልምምድ ጠንከር ያለ፣ ረከስ ያለ ላቴክስ ይበቃል። አቅም ካለ ደህናውን ለውድድር አስቀምጡት። ከወደቃችሁ በኋላም መዳፋችሁን መሬት ላይ ተክላችሁ አትነሱ። እጃችሁን በቡጢ ጨብጣችሁ ተነሱ። ጓንት የሚበላው ኳስ ብቻ አይደለም።

ሌላው የቁጥር ነገር ነው። ለልጅ ሲሆን «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ ይገዛል። ሹራብ ቢሆን ችግር አልነበረውም። ጓንት ከሰፋ ግን ኳስ ሲመታው እጅ ላይ ይዞራል። የጠበበው ደግሞ ስፌቱ ይተረተራል። ልብስ ሰፊ የሚለካበትን ሜትር ያዙና አውራ ጣትን ትታችሁ የእጁን መዳፍ ሰፊው ቦታ ላይ ዙሪያውን ለኩት። በኢንች የመጣውን ወደ ላይ አጠጋጉና 1 ጨምሩበት። 7 ተኩል ከመጣ 8 ይሆናል፣ 1 ሲጨመር 9 ቁጥር ማለት ነው። ይሄ መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አጥልቁት። ከጣት ጫፍ በላይ ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ቢኖር ጥሩ ነው።

ሰልባጅ መግዛት ነውር የለውም። ስህተቱ ጀርባውን አይቶ መግዛት ነው። ገልብጡትና መዳፉን በአውራ ጣታችሁ ጫን ብላችሁ እሹት። ከተሰነጣጠቀ ወይም ዱቄት ነገር ጣታችሁ ላይ ከቀረ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ጣቱ ውስጥ ፕላስቲክ ያለውን በግድ መፈለግም አለ። ፕላስቲኩ ጣት ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ ይከላከላል። ጣቱ ተጎድቶ ለሚያውቅ ደግ ነው። ኳስ መያዝ ገና ለሚማር ልጅ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ ያለሱ ይሻላል። እጁ ኳሱን ይልመድ።

ከተገዛ በኋላ ያለው ጥፋት ደግሞ ብዙ ነው። አዲሱን ጓንት በደረቁ ይዞ ሜዳ መግባት አንዱ ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። ከጨዋታ በፊትም መዳፉን ትንሽ አርጥቡት፤ እርጥብ ላቴክስ ከደረቅ ይልቅ ይይዛል። በረኪና አታስጠጉት። ማድረቁ ላይ ሁለቱ ከተሞች በየራሳቸው መንገድ ያበላሹታል። ኮምቦልቻ ፀሐይ አለ ተብሎ ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል። ደሴ በክረምት ጭጋጉ አላደርቅ ሲል ከሰል ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። ሁለቱም ላቴክሱን አድርቀው ያሰነጥቁታል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስቀሉት። ሁለቱን መዳፎች ፊት ለፊት አጣብቃችሁ ቦርሳ ውስጥ አትተዉ፤ ስታላቅቋቸው ይላጣሉ።

በነገራችን ላይ፣ የእግር ኳስ ሕግ በረኛን ጓንት አድርግ ብሎ አያስገድድም። የቅልጥም መከላከያ ግን ለበረኛም ግዴታ ነው። ብሩ ለሁለቱ ካልበቃ ከእሱ ጀምሩ።