ማኩላ ሲያብጥ፦ ኦሲቲ ወይስ ባለቀለሙ ፎቶ?

ዩቪያይትስ የዓይን የውስጥ ክፍል መቆጣት ነው። ማኩላን፣ ማለትም በሬቲና (በዓይን የኋላ ውስጠኛ ሽፋን) መሃል ያለውን ጥርት አድርጎ የሚያይ ቦታ፣ ሲያሳብጥ ደግሞ ንባብ ያስቸግራል።

ቀጥ ያለ መስመር ይወላገዳል፣ የሚያዩት ነገር መሃሉ ይደበዝዛል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከደም ሥር አፈትልኮ ማኩላ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። መጀመሪያ ኦሲቲ የሚባለውን የዓይን ምስል ይነሱ። መርፌ የለውም፣ ዓይን አይነካም፣ በደቂቃዎች ያልቃል። የሬቲናን ንብርብሮች በብርሃን ያሳያል፤ ውፍረቱን በማይክሮን (በሚሊሜትር ሺኛ) ይለካል። መድኃኒቱ መሥራቱን ለመከታተል የሚወዳደረው የለም። ብቻ ሁሌም በአንድ ዓይነት ማሽን ይነሱ፤ ማሽን ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል።

እብጠቱ ጎደለ ተባለ፣ እይታው ግን አልተመለሰም

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ያው ኦሲቲ እንደገና ይታይ። ብርሃን የሚቀበለው ንብርብር ተጎድቶ፣ ወይም ማኩላው ላይ ስስ ሽፋን በቅሎ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ከሌሉ የባለቀለሙ ፎቶ፣ የፍሎረሲን አንጂዮግራፊ፣ ተራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ነው፤ ቢያረጅም አልተጣለም። ቀለም በክንድ ደም ሥር ይወጋና ሬቲና ውስጥ ሲያልፍ ፎቶ ይነሳል። የሚያፈስ የደም ሥር እየደመቀ ይሄዳል፣ ደም ያልደረሰው ቦታ ይጠቁራል። ኦሲቲ ላይ ውፍረት ሳይታይ ቀለሙ የሚያፈስባቸው ዓይኖች አሉ፤ ተቃራኒውም ያጋጥማል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም።

«ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ያለ መርፌ ይሠራ የለ እንዴ?» ይሠራል። የደም ሥሮቹን ያሳያል፣ ማፍሰሳቸውን ግን አያሳይም።

ከቀለሙ በኋላ ቆዳዎ ቢጫ፣ ሽንትዎ ብርቱካናማ ቢሆን አይደንግጡ፤ ይለቃል። ማቅለሽለሽም አለ። ከባድ አለርጂ አልፎ አልፎ ስለሚከሰት፣ አለርጂ፣ አስም ወይም እርግዝና ካለ አስቀድመው ይናገሩ።

የኦሲቲው ምስል ደብዛዛ ወጣ

ማሽኑን አይውቀሱ። ብሌኑ ጠቦ፣ የዓይን ሞራ ኖሮ፣ ወይም የውስጡ ፈሳሽ በቁጣው ደፍርሶ ይሆናል። ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ መድገም ነው፤ ከደፈረሰ ግን ቁጣው እስኪበርድ ይጠበቃል።

ምስሉ እብጠት አሳየ፣ መንስኤው ግን አልታወቀም

ይህን ሁለቱም አይነግሩዎትም። ቲቢ፣ ቂጥኝና ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ ሳይጣሩ ስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ዓይን ውስጥ መወጋት አደገኛ ነው። ቤት የተረፈ የስቴሮይድ ጠብታም በራስዎ አይጀምሩ፤ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ሐኪም ቢቀይሩ ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ የቀድሞ ምስሎቹን ራሳቸውን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ።