«አካል» ሲሉ ሥጋ እንዳይመስላችሁ፦ የካቶሊክ ነገረ መለኮት ሌክቸር ለመከታተል

«ሴሚናር አለ፣ ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል መልእክት ቴሌግራም ላይ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ «እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፣ እንዴት ልግባ?» የሚለው ነው። ግቡ። እኔ ያደግኩት ተዋሕዶ ቤት ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ እንዲህ ያሉ ሌክቸሮችን መከታተል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ በር ላይ ሃይማኖቴን የጠየቀኝ ሰው የለም። መታወቂያ ግን ተጠይቄያለሁ። በተለይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከሆነ ያዙ፣ አለበለዚያ ጥበቃዎቹ ይመልሷችኋል።

ማስታወቂያውን ከቴሌግራም ሌላ የምታገኙት ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሲነገር ወይም የቁምስናው (የካቶሊክ አጥቢያው) ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነው። ካያችሁት በኋላ ሰዓቱን አጣሩ። የውጭ አገር ተናጋሪ ሲጋበዝ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጽፉ አሉ። አንድ ጊዜ «5:30» የሚል አንብቤ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ረፋድ አምስት ተኩል ላይ ደረስኩ። አዳራሹ ተቆልፏል። ንግግሩ ለካ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነበር፣ እኔ ደግሞ እስከዚያ መቆየት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ «ጠዋት» ወይም «ምሽት» የሚል ቃል ካላየሁ ደውዬ ሳልጠይቅ አልወጣም። ቦታውንም እንዲሁ አጣሩ። የልደታ ለማርያም ካቶሊክ ካቴድራል ያለው አራዳ ክፍለ ከተማ ነው፤ ለታክሲው ረዳት «ልደታ» ብቻ ካላችሁት ሌላ ሰፈር ይዟችሁ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሰው እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቶ ምንም ሳይዝ የሚወጣው አእምሮው ስለማይችል አይደለም። ቃላቱ ናቸው የሚያሳስቱት፤ የምናውቃቸው ስለሚመስሉን ትርጉማቸውን አንጠይቅም።

«አካል»ን ውሰዱ። በየቀኑ ስንናገር ሰውነት ማለታችን ነው፤ አካሌን አመመኝ እንላለን። በነገረ መለኮት ግን «እኔ» ብሎ የሚናገረው፣ ማንነቱ ነው። ሥላሴ ሦስት አካል ሲባል ሦስት ሰውነት ማለት አይደለም። «ባሕርይ» ደግሞ በቤት ቋንቋ ጠባይ ነው፣ እዚያ ግን አንድ ነገር ምን እንደሆነ የሚናገር ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቶስ አንድ አካል፣ ሁለት ባሕርይ ነው አለ፤ የእኛ ቤት አንድ አካል፣ አንድ ባሕርይ ይላል። አዳራሹ ውስጥ ይህ ሲነሳ ደም የሚሞቀው ሰው አይጠፋም፣ እኔም ነበርኩ። ግን ከመሞቃችሁ በፊት ተናጋሪው «ባሕርይ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛና የግብጽ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሺኖዳ ሦስተኛ በዚሁ በክርስቶስ ጉዳይ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። ልዩነቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቃላቱን ቁጭ ብለው ሲመረምሩ አብረው የሚሉት ብዙ ነገር አገኙ።

ፍልስፍናው ላይ ደግሞ «ምክንያት» አለ። ለእኛ ሰበብ ይመስላል፣ እነሱ ጋ ግን አንድን ነገር እንዲሆን ያደረገው ሁሉ ምክንያት ይባላል፤ ዓላማውም ሳይቀር። «እንቅስቃሴ»ም ከቦታ ቦታ መሄድ ብቻ አይደለም። ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዶ ውሃው ሲሞቅ እንቅስቃሴ ነው፣ ምክንያቱም መሞቅ የሚችለው ነገር በተግባር ሞቀ። ውሃው ራሱን አላሞቀም፣ ቀድሞ የጋለ ነገር አሞቀው። ይህን ከያዛችሁ የ13ኛው መቶ ዘመን የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ እግዚአብሔር መኖሩን ለማሳየት ካቀረባቸው አምስት መንገዶች የመጀመሪያው በሩ ተከፈተላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አንብቡ። መጽሐፍ ሙሉ አይደለም፣ የቶማስን አንዲት አንቀጽ። ሱማ ቴኦሎጊኤ ከተባለው ትልቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ ክፍል አንድ፣ ጥያቄ 2፣ አንቀጽ 3 ይበቃል፤ እንግሊዝኛው ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፣ ረጋ ብላችሁ ብታነቡት ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ጥያቄው «እግዚአብሔር አለ ወይ?» ነው። ቶማስ የሚጀምረው «የለም» ከሚሉት ነው። ሁለት ተቃውሞ ያስቀምጣል፦ ወሰን የሌለው መልካም ካለ ክፋት ከየት መጣ? ዓለም በተፈጥሮና በሰው ፈቃድ የሚብራራ ከሆነስ ሌላ ለምን ያስፈልጋል? ዛሬ ካፌ ውስጥ ከሚነሳው ክርክር ይለያል? ከዚያ በአንጻሩ ከኦሪት ዘጸአት «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ» የሚለውን ያመጣል፣ ከዚያ የራሱን መልስ ይሰጣል፣ በመጨረሻም ወደ ሁለቱ ተቃውሞዎች ተመልሶ አንድ በአንድ ይመልሳል። በአንድምታ ትርጓሜ ላደገ ጆሮ ይህ አካሄድ በከፊል የታወቀ ነው። ልዩነቱ፣ አንድምታው «አንድም» እያለ ትርጓሜዎችን ጎን ለጎን ሲያኖር፣ ቶማስ ግን ተቃውሞውን ሳይመልስ አያልፍም። የካቶሊክ ተናጋሪዎች ንግግር ብዙ ጊዜ ይህን መልክ ስለሚይዝ፣ መጀመሪያ የሰማችሁት የእነሱ አቋም እንዳይመስላችሁ። ተቃዋሚውን እያቀረቡ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ ስትጠይቁም እንዲሁ አድርጉ። ማይክ ሲሰጠው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» ብሎ አሥር ደቂቃ የሚወስድ ሰው ታውቃላችሁ። ጥያቄያችሁን በሁለት መስመር ጻፉት። በመጀመሪያው መስመር ተናጋሪው ያለውን እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚልበት መልክ አስቀምጡ፣ በሁለተኛው ጠይቁ። ተናጋሪዎቹን አባ ወይም ሲስተር እያላችሁ ጥሯቸው፣ ከዚያ ውጭ ማዕረግ አያስጨንቃችሁ።

ምን እንደምትጠይቁ ከጠፋችሁ ከቤት ጀምሩ። የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ጻፈው የሚባለው የሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ነገር አለላችሁ። ጽሑፉን አገኘሁ ብሎ ያወጣው በ19ኛው መቶ ዘመን እዚህ የነበረው የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው፤ ጣሊያናዊው ተመራማሪ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ጸሐፊው መነኩሴው ራሱ ነው አለ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊኩ የጀስዊት ማኅበር አባል) ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ኃላፊም ሉሲዬን ማት የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ፤ ይህ ወሬ ለአራት ኪሎና ለስድስት ኪሎ እንግዳ አይደለም።

ሲያልቅ ቶሎ አትውጡ። ሻይ ካለ ጠጡ፣ ከሌለም በር ላይ ቁሙ። እኔ «አካል»ን በትክክል የገባኝ አዳራሽ ውስጥ አይደለም፤ ደረጃው ላይ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ስንጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ መምህር ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ይኼ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ሰው» አልኩ። «ማን ነው?» ሲሉኝ ስማቸውን ጠራሁ። «በቃ፣ የመጀመሪያው ባሕርይ ነው፣ ሁለተኛው አካል» አሉኝና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ታክሲው ወረዱ።