ለጨው ውሃ አኳሪየም አሸዋ ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሸዋ አንዴ ከገባ በኋላ መቀየር ከባድ ነው። ውሃው ይደፈርሳል፣ ዓሣው ይረበሻል፣ ሥር የተኛው ቆሻሻ ሁሉ ይነሳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ልብ በሉ።

በቀለም መምረጥ። በረዶ የመሰለው አሸዋ ያምራል፤ ግን ንጣቱ ብዙ አይቆይም። አልጌ ሲይዘው ቡናማ ይሆናል። ጥቁሩን ከወደዳችሁ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት። ብረት ያለበት ከሆነ ቅንጣቱ መስታወት ማጽጃው ማግኔት ላይ ይጣበቅና መስታወቱን ይጭራል።

የቅንጣቱን መጠን አለማየት። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት እንደ ስኳር የደቀቀ ነበር። ፓምፑን ከፍቼ አደርኩ። ጠዋት ሳይ አንዱ ጥግ ተከምሯል፣ በሌላው በኩል የመስታወቱ ወለል ተገልጧል፣ ኮራሎቹ ደግሞ አቧራ ለብሰዋል። ጠጠር የሚያክለውም ችግር አለው፤ የምግብ ትራፊ በየቀዳዳው ገብቶ ይበሰብስና ናይትሬት (ከብስባሽ የሚመጣ፣ ሲበዛ ውሃውን የሚያበላሽ ንጥረ ነገር) ይጨምራል። ለአብዛኛው ሰው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። አሸዋ በአፋቸው እያፈሱ ምግብ የሚያጣሩ ጎቢ የሚባሉ ዓሣዎች ካሏችሁ ግን ደቃቁ ይሻላቸዋል። ያኔ የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሩት።

ምንነቱን ሳያውቁ መግዛት። ብዙዎች የሚመርጡት አራጎናይት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት አለው ማለት ነው። ሆኖም ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) እሱ ብቻውን ይጠብቅልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ፒኤች 8.2 አካባቢ ሲሆን አሸዋው እምብዛም አይሟሟም። ከየትም የታፈሰ አሸዋ ዘይትና ብረታ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ይቅርባችሁ።

ጥልቀቱን በግምት መሙላት። ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይበቃል። ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀቱን በሴንቲሜትር አባዙና ለ1000 አካፍሉ፤ ሊትሩን ታገኛላችሁ። 100 በ50 ለሆነ ወለል 4 ሴንቲሜትር ካሰባችሁ 20 ሊትር፣ ማለትም ወደ 30 ኪሎ ነው። 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ራሱን የቻለ ዘዴ ነው። ታችኛው ክፍል ኦክስጅን ስለማያገኝ፣ ከቆየ በኋላ ቢቆፈር የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ሊወጣ ይችላል።

ሁሉንም አሸዋ አንድ ዓይነት ማጠብ። ደረቁን ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። ባክቴሪያ ያለበትን “ሕያው አሸዋ” ግን በቧንቧ ውሃ አትንኩት፤ የከፈላችሁበትን ባክቴሪያ ትገድሉታላችሁ።

ድንጋዩን አሸዋው ላይ ማስቀመጥ። ቆፋሪ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ሥሩን ይቦረቡረውና ይንዳል። ድንጋዩ መጀመሪያ ወለሉ ላይ በደንብ ይቀመጥ፤ አሸዋው ከዚያ በዙሪያው ይፍሰስ።