የእግዜር እንግዳን ስንቀበል የምናበላሻቸው ነገሮች

ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ በመተማ በኩል ብዙ ሱዳናዊ ገባ። ጥቂቶቹ ባሕር ዳር፣ እኛ ሰፈር ቤት ተከራዩ። የጽዋ ማኅበራችን ከዚያ ወዲህ የአቅሙን ያደርጋል። አንጀታችን ይራራል፤ አያያዙን ግን አላወቅንበትም።

በጣም የሚያናድደኝን ላስቀድም፤ ታሪክ ማስነገር። ሰውየው ገና አረፍ ሳይል «እስቲ እንዴት እንደመጣህ አጫውተን» ይባላል። አንድ እሑድ አንዱን ወጣት ማኅበርተኛው ፊት አቆሙት። ማን እንደሞተበት፣ በየት እንደወጣ ተናገረ። እናቶች አለቀሱ። አንዱ በስልኩ ቀረጸ። ማታውኑ ቲክቶክ ላይ አየሁት፤ ፊቱ ቁልጭ ብሎ። የልጁ እናት እኮ ገና እዚያው ናት! የሸሻቸው ሰዎች ቢያዩትስ? እስኪያጠፉት ሁለት ቀን ለመንኩ። ልጁም ደግሞ አልመጣም፤ ምን ፊት አለን ብዬ ልጥራው?

አያቶቻችን ይህን ያውቁበት ነበር። መንገደኛ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲላቸው «ቤት የእግዜር ነው» ብለው ያስገቡታል። እግሩን ያጥቡታል፣ ያበሉታል፣ መደብ ላይ ያስተኙታል። ጥያቄ ካለ ጠዋት ነው። እኛ በጽጌ ሌሊቱን ቆመን የእመቤታችንን ስደት እናስባለን። ትውፊታችን ልጇን ይዛ ጣና ቂርቆስ 3 ወር ከ10 ቀን ተቀመጠች ይላል። እዚያ ማን ማይክ ይዞ ጠበቃት?

የራሴን ጥፋት ደግሞ ልናገር። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሠርቼ፣ በትልቁ ድስት፣ ለአንዲት ሱዳናዊት ወሰድኩ። ክዳኑን ገለጥ አደረገች፣ ፈገግ አለች፣ መልሳ ከደነችው። ጎረቤቷ ናት ደጅ ድረስ ተከትላ፣ «እትዬ፣ የክርስቲያን ሥጋ ይበላሉ ብለው ነው?» ያለችኝ። ዕድሜ ልኬን ከሙስሊም ጋር ኖሬ ይህን አጣሁት? የበዓሉ ደስታ ነው ያስረሳኝ። አሁን የምወስደው የጣና ዓሣ ነው። ዓሣ ማን አረደው አይባልም። ሁለት ጥብስ ቆሮሶ፣ ሎሚ፣ ዳቦ፤ አለቀ።

እንጀራ እየሰጡ መስበክ ይቅር። ማቴዎስ 25 ላይ ጌታ «እንግዳ ሆኜ» ሲል ሃይማኖቱን ጠይቁት አላለም።

ምክር የምታበዙ ወንድሞች ደግሞ ተዉ። ጥገኝነት ጠያቂ ማለት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ነው። የሚወስነው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ወይም የሰፈር ሽማግሌ ሳይሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ቃሉን ይቀበሉታል፣ ይጽፉታል፣ ያመሳክሩታል። እናንተ ግን ለማገዝ ብላችሁ «እንዲህ ብትል ይሻላል» ትሉታላችሁ። ዛሬ አንድ ነገር፣ ነገ ሌላ ከተናገረ እውነተኛው ታሪኩም አይታመንም። በቃ፣ የሆነውን እንዲናገር ተዉት። ቢሮው የት እንደሆነ አሳዩት፣ የባጃጅ ክፈሉለት፣ ወረፋው ላይ አብራችሁት ቁሙ። ወረቀቱንም «እኔ ጋ ይቀመጥ» አትበሉት፤ ኪሱ ውስጥ ይሁን።

ካናዳ ያለችው እህታችሁ ታወጣዋለች ብላችሁ ተስፋ አትስጡት። እናንተ በሳምንቱ ትረሱታላችሁ፤ እሱ ግን ይጠብቃል።

ልብስም አጥባችሁ ስጡ። አንድ እግር ጫማ ያመጣ ሰው አለ፤ ስሙን አልናገርም፣ ራሱን ያውቃል።

ደግሞ እቃ አስቀምጦ መሮጥ አለ። «ቸኩያለሁ፣ ሌላ ቀን» ብዬ ስንቴ እንደወጣሁ! ያቺ ሱዳናዊት ቡና ሳታፈላልኝ መሄዴ ከዶሮው ይልቅ እንዳስከፋት የነገረችኝ ያችው ጎረቤቷ ናት። እነሱም ጀበና ነው የሚሉት። አሁን ቁጭ እላለሁ። ዝንጅብል ታበዛበታለች፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። እስከ ሦስተኛው ጠጥቼ ነው የምነሳው።