ሥልጣን የጠማው አስማተኛ፦ ምናባዊ ልቦለድ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥልጣን የጠማው አስማተኛ ለልቦለድ የሚመች ሰው ነው፤ አንባቢ እየፈራውም ይከተለዋል። በብዙ ረቂቆች ውስጥ ግን ገና ከመነሳቱ ይሞታል። የሚገድሉትም በየረቂቁ የሚደጋገሙ ስህተቶች ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ምኞቱን «ዓለምን መግዛት ይፈልጋል» ብሎ ማለፍ ነው። እንዲህ ያለው ምኞት የማንንም ልብ አይነካም። አባቱ በአንድ ሹም ደጅ ተንበርክኮ ሲለምን ያየ ልጅ «እኔን ማንም አያንበረክከኝም» ብሎ ድግምት መማር ቢጀምር ግን ይገባናል። ከሃያ ምዕራፍ በኋላ እሱ ራሱ ሽማግሌ ሲያንበረክክ ስናይ ያመናል፤ ያንን ደጅ አልረሳነውምና።

ከሁሉም የከፋው ዋጋ የማያስከፍል አስማት ነው። እጁን ባነሳ ቁጥር በር የሚከፈትለት፣ ጠላት የሚወድቅለት ከሆነ አንባቢው ስለምን ይሰጋል? ብዙ ጸሐፊዎች «ደከመው» ብለው ያልፉታል። ድካም ግን ተኝተው ሲነሱ ይለቃል። ዋጋው የማይመለስ ይሁን። እያንዳንዱ ድግምት አንድ ትዝታ ይወስድበታል እንበል። ማታ የምሽጉን በር በአንድ ቃል ይከፍታል። ጠዋት እህቱ ቁርስ እያቀራረበች፣ ልጅ ሳሉ እሱ ያስተማራትን ዜማ ታንጎራጉራለች።

«ደስ ይላል፤ ከማን ተማርሽው?» ይላታል።

እህቱ ዝም ትላለች። ከዚህ በኋላ ስለ ዋጋው አንድም ማብራሪያ አትጨምሩ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1587 ፍራንክፈርት ላይ የታተመው የጀርመናዊው አስማተኛ የፋውስት ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ሰውየው ነፍሱን ለዲያብሎስ ሰጥቶ የ24 ዓመት አገልግሎት ይገዛል። ቁጥሩን ስለምናውቅ ገጽ በገለጥን ቁጥር አብረን እንቆጥራለን። ነፍሱን በሰጠበት ኃይል፣ በብርድ ወራት ወይን ላማራት ነፍሰ ጡር እመቤት ፍሬውን ሲያስመጣላት ማየት ደግሞ አንጀት ይበላል።

አንድ አሮጌ መጽሐፍ አግኝቶ በማግስቱ ሊቅ የሚሆን አስማተኛም አይታመንም። ሲሳሳት፣ ጣቱን ሲያቃጥል፣ የመምህሩን ምስጢር ሲሰርቅ እንየው። ድግምቱን ሲደግምም ግማሽ ገጽ ትርጉም በሌለው ቃል አትሙሉ፤ አንባቢ ይዘለዋል።

ባላንጣዎቹን ሞኝ ማድረግ የእሱንም ጉብዝና ያረክሳል። ድግምቱ የሚሠራው በድምፅ ሲነገር ብቻ መሆኑን የደረሰችበት ሴት፣ ልትገጥመው የምትቀጥረው ከደወል ማማ ሥር፣ ልክ ደወሉ በሚደወልበት ሰዓት ይሁን። እንዲህ ያለች ባላንጣ ስትገጥመው የእሱም ብልሃት ይታያል።

ሌላው ስህተት፣ ደግ የነበረውን ሰው በአንድ ሌሊት ጨካኝ ማድረግ ነው። መጀመሪያ በሽተኛ ለማዳን ይዋሽ። ውሸቱ እንዳይጋለጥ ወዳጁን ያርቅ። የራቀው ወዳጅ እንዳይናገር ያሳስረው። እያንዳንዱ እርምጃ ለእሱ ትክክል ይምሰለው፤ ሁለተኛው እርምጃ ላይ እኛ እንኳ ሳንቀር «ምን ያድርግ?» ብለን እንከራከርለት።

አወዳደቁንም ከሰማይ ለሚወርድ መብረቅ አትተዉት። የከፈለው ዋጋ ራሱ ይጣለው። ዙፋኑ ላይ በተቀመጠ ቀን እህቱ መጥታ ይህን ሁሉ ስለምን እንደጀመረው ትጠይቀው። እሱም አባቱ የተንበረከከበትን ደጅ ፈልጎ ይጣው።