የአቦርጂናል የሣር ሥራ፦ ስናይም ስንገዛም የምንሳሳተው

«ይሄማ የኛው ሰፌድ ነው!» የአውስትራሊያን ነባር ሕዝቦች፣ የአቦርጂናል ሴቶችን የሣር ሥራ ያየ ሐበሻ መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው። አልተሳሳተም። አክርማና ስንደዶ ለሚያውቅ ሰው፣ ሣር ጠቅልሎ ዙሪያውን እየሰፉ መሄድ እንግዳ አይደለም። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ዋናው «የጥንት ካልሆነ እውነተኛ አይደለም» የሚለው ነው። ባለቀለም የሱፍ ክር ያዩበትን ሁሉ «ፌክ» ይሉታል። ግን በምዕራባዊው በረሃ ይህ የቅርጫት ስፌት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1995 ፓፑላንኩጃ በምትባል መንደር ከተሰጠ ሥልጠና ወዲህ ነው። ሥራው «ጃንፒ» ይባላል፤ ሣር ማለት ነው። በ2005 የዚያው መንደር ሴቶች በሣር ቶዮታ ሠሩ። አዎ፣ መኪናውን! ያውም በእውነተኛው መጠን። የአገሪቱን ትልቁን የአቦርጂናል ጥበብ ሽልማት ወሰዱበት። በዚያ በረሃ ሣር ለቀማም ሆነ አደን የሚኬደው በቶዮታ ነው፤ ታዲያ ምን ይሥሩ?

ሁሉንም በአንድ ስም መጥራትም ሌላ ስህተት ነው። በደቡብ ያሉት ንጋሪንጄሪዎች የሚሰፉት ውኃ ዳር በሚበቅል ቄጠማ መሰል ሣር ነው። ከነሱ አንዷ ኢቮን ኩልማትሪ በ1997 ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ዓለም አቀፍ የጥበብ ትርኢት ላይ አውስትራሊያን ከወከሉት ሦስት ሴቶች መካከል ነበሩ። ስለዚህ «የየት አገር፣ የማን ሥራ?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው ይለፉት።

«ሣር አይደል እንዴ፣ ይሄ ሁሉ ብር?» ብሎ መከራከር ደግሞ አለ። በሰሜን፣ አርነም ላንድ፣ የሚሠሩት ፓንዳነስ በሚባል ዛፍ ቅጠል ነው። የቅጠሉ ጠርዝ እሾህ ነው። ከዛፉ መሃል ለጋውን ይጎትታሉ፣ እሾሁን ይልጣሉ፣ በጥፍር ሰንጥቀው ያደርቃሉ። ቀለሙን ለማግኘት ሥር ቆፍረው፣ ከትፈው ከቅጠሉ ጋር ይቀቅላሉ። ቢጫው ላይ አመድ ሲጨመር ወደ ቀይ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሽመናው ገና አልተጀመረም።

«የሴት ሥራ ነው» የሚሉም አይጠፉም። በኩዊንስላንድ ዝናባማ ደን ከጊራማይ ሕዝብ የሆኑት አቤ ሙሪያታ የተባሉ ወንድ «ጃዉን» የሚባለውን ባለሁለት ቀንድ ቅርጫት ከእሾሃማ ሐረግ ይሠራሉ። ድሮ መርዛማ የደን ፍሬ ተሞልቶበት ወራጅ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ውኃው መርዙን አጥቦ እስኪወስደው።